ዕድሜ እና ነጩ የአንጎል ክፍል፦ ጅማ ላይ የኤምአርአይ ጥናት ለሚጀምሩ

የዕድሜ ጥናት ሁለት ነገር መለካት ይፈልጋል፤ አንጎልንና ዕድሜን። አንጎሉን ኤምአርአይ ይለካዋል። ዕድሜውን ግን ጠይቀን የምንመዘግበው እኛው ነን። ጅማ ላይ ከሁለቱ የሚከብደው ዕድሜው ነው።

ይህን የምጽፈው ለመመረቂያ ሥራቸው ይህን ርዕስ ለመረጡ ልጆች ነው። አብዛኞቹ ሲመጡ ጭንቀታቸው ሁሉ ሶፍትዌሩ ነው። ሶፍትዌሩ በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። በስህተት የተመዘገበ ዕድሜ ግን ማንም ሳያየው እስከ መጨረሻው ሰንጠረዥ ድረስ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የዕድሜው ክፍል ጋ ስንደርስ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ምን እንደምንለካ

ነጩ የአንጎል ክፍል የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙባቸው ረጃጅም ክሮች ያሉበት ነው። ነጭ የሚያስመስለው ክሮቹን የሸፈነው ማይሊን ነው፤ ስብ የበዛበት ሽፋን። የዴንማርክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የሟቾችን አንጎል በማይክሮስኮፕ መርምረው የክሮቹን ርዝመት አስልተው ነበር። የ20 ዓመት ወንድ ወደ 176,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ክር አለው። ሰው 80 ዓመት እስኪሞላው ከዚህ ውስጥ 45 በመቶ ያህሉ ይጠፋል። በአማካይ ማለት ነው።

ለውጡ ግን ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የነጩ ክፍል መጠን እስከ አርባዎቹና ሃምሳዎቹ ድረስ ይጨምራል፤ ከዚያ መቀነስ ይጀምራል። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይጎዳል። ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ትልቁ ድልድይ እንኳ ከፊት በኩል ይሳሳል፤ ከኋላ በኩል የተሻለ ይቆያል። እጅና እግር የሚያንቀሳቅሰው መንገድ ደግሞ በአንጻራዊነት ጸንቶ ይቆያል።

በኤምአርአይ ይህን በሁለት መንገድ እናየዋለን። አንደኛው ፍሌር በሚባለው ምስል ላይ የሚታዩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው ከትናንሽ የደም ሥሮች ጉዳት ጋር ይያያዛሉ፤ ከዕድሜ ቀጥሎ ዋናው ምክንያታቸው የደም ግፊት ነው። ሁለተኛው የውሃን እንቅስቃሴ የሚለካው ዲቲአይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በእነ ፒተር ባሰር የቀረበ ዘዴ ነው።

ዲቲአይን ለመረዳት ከእንሰት የሚወጣውን ቃጫ አስቡ። የአንድ እስር ቃጫ ጫፍ ውሃ ውስጥ ብትነክሩ ውሃው በክሮቹ ርዝመት ይወጣል። ወደ ጎን ብዙም አይሄድም። እስሩ ከላላና ክሮቹ ከሳሱ ግን ውሃው ወደ ጎንም ይሰርጋል። አንጎል ውስጥም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኤፍኤ የሚባለው ቁጥር ከ0 እስከ 1 ነው። ውሃው በየአቅጣጫው እኩል ሲሄድ ወደ 0፣ በአንድ አቅጣጫ ሲያደላ ወደ 1 ይጠጋል። ኤምዲ ደግሞ ውሃው በጠቅላላ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይነግረናል። በዕድሜ ኤፍኤ ይቀንሳል፤ ኤምዲ ይጨምራል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙ። «ኤፍኤ ቀነሰ» ማለትና «ክሩ ተጎዳ» ማለት አንድ አይደሉም። ሁለት መንገዶች በሚሻገሩበት ቦታ አንዱ ቢሳሳ ኤፍኤ ሊጨምርም ይችላል።

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት

ማሽን አጠገብ ሳትደርሱ በሌላ ሰው ዳታ ተለማመዱ። ለጀማሪ አይኤክስአይ የሚባለውን ስብስብ እመርጣለሁ። ለንደን ውስጥ በሦስት ሆስፒታሎች የተነሱ ወደ 600 የሚጠጉ ጤነኛ ሰዎች ምስል አለበት። ዕድሜያቸው ከሃያዎቹ እስከ ሰማንያዎቹ ነው። ማመልከቻ ሳታስገቡ በነፃ ይወርዳል፤ በ15 አቅጣጫ የተነሳ ዲቲአይም አለው። ማሽኖቹ የተለያዩ መሆናቸው ራሱ ትምህርት ነው፤ ያው ዕድሜ በሁለት ማሽን ሁለት ዓይነት ቁጥር ሲሰጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ኔትወርክ ቀለል በሚልበት ሌሊት አውርዱት። ስትለምዱ ካምካን የሚባለውን የካምብሪጅ ስብስብ ጠይቁ፤ ከ18 እስከ 88 ዓመት ያሉ ሰዎችን የያዘ ነው።

ለሥራው ኤፍኤስኤል እና ኤምአርትሪክስ የሚባሉት የምስል መተንተኛ ሶፍትዌሮች ይበቋችኋል። ሁለቱም ለትምህርትና ለምርምር በነፃ የሚገኙ ናቸው። ኤፍኤስኤል ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ ውስጡ ሊኑክስ መጫን አለባችሁ። አንዳንዱ ስሌት ሰዓታት ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋ የሚሸከም ባትሪ ይኑራችሁ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ።

ከዚያ ወደ ኤምአርአይ ክፍሉ ሂዱና ባለሙያውን አነጋግሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የማግኔቱ ጉልበት ነው። 1.5 ቴስላ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ዲቲአይ ይሞከራል። ከዚያ በታች ከሆነ ዲቲአዩን ተዉት። በፍሌር ብቻ ጥሩ ጥናት ይሠራል፤ ደካማ ዲቲአይ ይዞ ከመታገል ይሻላል።

የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ምስሎች ናቸው። አንደኛ፣ የአንጎሉን ቅርጽ የሚያሳየው ባለ 1 ሚሊ ሜትር ቲ-ዋን። ሁለተኛ፣ ፍሌር። ሦስተኛ፣ ዲቲአይ፤ ቢ-ቫልዩ (ምስሉ ለውሃ እንቅስቃሴ ምን ያህል ስሜታዊ እንደሚሆን የሚወስነው ቁጥር) 1000፣ ቢያንስ 30 አቅጣጫ፣ ምስሉ የሚሠራባት የእያንዳንዷ ትንሽ ኩብ ጎን ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር። ከ30ዎቹ ጋር ቢ-ዜሮ የሚባሉ፣ ቢ-ቫልዩው 0 የሆነባቸው ጥቂት ምስሎች ጨምሩ። አንድ ሁለቱን ደግሞ ማሽኑ ምስሉን የሚያነብበትን አቅጣጫ አስገልብጣችሁ፣ በተገላቢጦሽ አስነሱ። ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በኋላ የተጣመመውን ምስል የምታቃኑት ግን በእሱ ነው።

ጥሬ ዳታውን ዳይኮም በሚባለው የማሽኑ የፋይል ዓይነት እንደሚሰጧችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለታካሚ በሲዲ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የተጠናቀቀ ካርታ ብቻ ነው፤ በእሱ ምንም ማስላት አይቻልም። አንድ ሰው አንስታችሁ ፋይሉን አውጡና የአቅጣጫና የቢ-ቫልዩ ዝርዝሮቹ አብረው መውጣታቸውን እዩ። ይህን ሳታዩ ሁለተኛ ሰው አትጥሩ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ የግድ ነው። በማመልከቻው ላይ አንድ ጥያቄ በግልጽ መልሱ፦ ያልጠበቃችሁት ዕጢ ወይም አሮጌ ስትሮክ ብታገኙስ? እያንዳንዱን ምስል ራዲዮሎጂስት እንዲያየው፣ ከዚያም ሰውየው ወደየትኛው ክሊኒክ እንደሚላክ ከወዲሁ ወስኑ።

ዕድሜ መጠየቅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

በጅማ ዙሪያ ያሉ አብዛኞቹ አዛውንቶች የልደት ሰርተፍኬት የላቸውም። የቀበሌ መታወቂያ አላቸው፤ እዚያ ላይ ያለው ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊው በግምት ያስገባው ነው። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ 60፣ 65፣ 70 ይሏችኋል። 63 የሚል ሰው ጥቂት ነው። ዳታውን በግራፍ ስታወጡት በ0 እና በ5 የሚያልቁት ዓመታት ላይ ማማ ይሠራል።

መፍትሔው በዘመን መጠየቅ ነው። የታወቁ ክስተቶችን በወረቀት ላይ አሰልፉ። የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር። የ1966 አብዮት። የካቲት 1967 መሬት ላራሹ። በዚያው ዓመት የእድገት በኅብረት ዘማቾች መምጣት። 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። የ1977 ድርቅ። የ1983 የመንግሥት ለውጥ። ከዚያ እያንዳንዱን ከሰውየው ሕይወት ጋር አያይዙ። ጥያቄው ሰውየው በሚቀናቸው ቋንቋ ይሁን፤ ለብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ነው። «ኦቦ» (አቶ)፣ «አዴ» (ወይዘሮ) ብሎ መጀመርም ብዙ በር ይከፍታል። ከአንድ አባት ጋር የሚደረገው ጭውውት ይህን ይመስላል፦

«አባ፣ መሬት ላራሹ ሲታወጅ አግብተው ነበር?»

«አግብቼ ነበር እንጂ! የበኩር ልጄ መሄድ ጀምሯል።»

«ሲያገቡስ ዕድሜዎ የታናሽ ወንድምዎ ልጅ አሁን ካለበት ዕድሜ ይበልጥ ነበር?»

«እሱ ሃያ ሞልቶታል። እንደሱው ነበርኩ።»

«የታኅሣሥ ግርግር ወሬ ሲሰማ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ጥጃ ነበር የምጠብቀው። ከብት ገና አልሰጡኝም።»

አሁን አስሉ። ልጁ በ1967 ዓመት ከሞላው ጋብቻው 1965 አካባቢ ነው። ያኔ ወደ 20 ከሆኑ ልደታቸው 1945 ይሆናል። በ1953 ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ሰባት ስምንት ዓመቱ ነው፤ ይህም ከ1945 ጋር ይገጥማል። ስለዚህ 1945 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ዓምድ ክፈቱና «ሲደመር ሲቀነስ 2 ዓመት» በሉ። ይህ ሁለተኛ ዓምድ በኋላ ወርቅ ነው። ሁለቱ ስሌቶች በአምስት ዓመት ቢለያዩ ኖሮ ሚስታቸውን ወይም ታላቅ እህታቸውን እጠይቅ ነበር። ሴቶች ማን ከማን በፊት እንደተወለደ ሲያስታውሱ በጣም ጎበዞች ናቸው።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ አለ። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጁ 1957 ወይም 1958 ነው። ባለሙያው «1950» ብሎ ካስገባው ሰውየው በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። እኔ ራሴ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች በዚህ መንገድ አስመዝግቤ ለሳምንታት ሳላውቅ ቆይቻለሁ። የገባኝ አንዲት እናት ከታላቅ እህታቸው በልጠው ሳገኛቸው ነው። ሥራውን ሁሉ እንደገና መዝገብ ለመዝገብ አመሳከርን።

ስህተቱ ሁሉም ላይ እኩል ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። ችግሩ እኩል አይሆንም። ፓስፖርት ያለው የከተማ ሰው በፈረንጁ ይናገራል፤ ከገጠር የመጣው በእኛ። ያኔ «የገጠር ሰው አንጎል ለዕድሜው ወጣት ነው» የሚል የሐሰት ግኝት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ስለዚህ የልደት ዓመትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወረቀት መዝግቡ፤ ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ይደመራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ይደመራል። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ለትንተና በፍጹም አትጠቀሙ።

የምስሉ ቀን

ቀጠሮውን ጠዋት አድርጉት። ከሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው፤ ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ዝም ብሎ መተኛትም ያስቸግራል። በረመዳን አትጥሩ። የውሃ እጥረት የአንጎልን መጠን በጥቂቱ ይቀይራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ጾመኛ ማድከም ተገቢ አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ ቤተሰብ ሁሉ ማሳ ላይ ነው።

ሰውየው አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ግፊታቸውን ሁለት ጊዜ ለኩ። ከዚያ ብረት ፍተሻ። ቅጹን ማንበብ ብቻውን አይበቃም። የአንገት መስቀል፣ የብር ጌጥ፣ በልብስ ሥር የታሰረ ክታብ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ሁሉንም በአክብሮት ጠይቁ። «ዘምተው ያውቃሉ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳትዘሉት። በዚህ አገር ሰውነቱ ውስጥ የጥይት ፍንጣሪ ይዞ የሚኖር አዛውንት ብዙ ነው። ብየዳ የሠራ ሰውም ዓይኑ ውስጥ ብናኝ ብረት ሊኖር ይችላል። ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ ኤክስሬይ፤ ካልጠራ ደግሞ ምስሉ ይቅር። የልብ ምት የሚያስተካክል ማሽን የተተከለለት ሰው በዚህ ጥናት ውስጥ አይገባም።

ድምፁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ወፍጮ ቤት ውስጥ እንደተኙ ይቁጠሩት» ስል ሁሉም ይገባቸዋል። ሽንት ቤት ይሂዱ። የጆሮ መድፈኛ፣ ከራስ ግራና ቀኝ ስፖንጅ፣ ከጉልበት ሥር ትራስ። በየምስሉ መሃል በድምፅ ማጉያው አነጋግሯቸው።

ይህን ሁሉ የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም። አዛውንቶች ከወጣቶች ይበልጥ ይንቀሳቀሳሉ። የጭንቅላት መንቀሳቀስ ደግሞ የዲቲአይ ቁጥሮችን ያዛባል። ስለዚህ የተንቀሳቀሰ ሽማግሌና ፀጥ ያለ ወጣት ብታወዳድሩ ልዩነቱ ከእንቅስቃሴ ይምጣ ከዕድሜ አታውቁም።

ኮምፒውተሩ ላይ

የዳይኮም ፋይሉን ሶፍትዌሮቹ ወደሚያነቡት ኒፍቲ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ቀይሩ። ስሙን አጥፉና ኮድ ስጡት፤ ፊቱንም ሰርዙ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የምስሉን ጫጫታ፣ ማለትም በዘፈቀደ የሚታየውን ብጥብጥ፣ መቀነስ፤ ይህ ሁልጊዜ ይቀድማል። ቀጥሎ ቶፕአፕ የሚባለው የኤፍኤስኤል መሣሪያ፤ በተገላቢጦሽ ያነሳችሁትን ምስል ተጠቅሞ ጠማማውን ያቃናል። ከዚያ ኤዲ የሚባለው ሌላው የኤፍኤስኤል መሣሪያ፤ የጭንቅላቱን እንቅስቃሴ ያስተካክላል። ኤዲ ሰውየው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በቁጥር ይጽፍላችኋል፤ ያንን ቁጥር አስቀምጡት። ከዚያ የራስ ቅሉን ማስወገድና ኤፍኤና ኤምዲ ማስላት።

በየደረጃው ምስሉን ክፈቱና እዩ። ባለ ቀለሙ የኤፍኤ ካርታ ጥሩ ፈታሽ ነው። ግራና ቀኝ የሚያገናኘው ድልድይ ቀይ መሆን አለበት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ሰማያዊ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው አረንጓዴ። ቀለሙ ከተቀያየረ የአቅጣጫ ዝርዝሩ ተገልብጧል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሰዎችን ለማወዳደር ቲቢኤስኤስ የተለመደ ነው፤ የሁሉንም ሰው ኤፍኤ በአንድ ማስመሰያ አንጎል ላይ ገጥሞ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች የሚያነጻጽር የኤፍኤስኤል ዘዴ ነው። ነገር ግን ከእሱ ጋር የሚመጣው ማስመሰያ አንጎል ከ20 እስከ 50 ዓመት ባሉ 58 ሰዎች የተሠራ ነው። የእናንተ ሰዎች ሰባ ዓመት ሆነው በውስጥ ያለው የፈሳሽ ክፍተት ከሰፋ በደንብ ላይገጥም ይችላል። ከራሳችሁ ሰዎች መሃል ለሁሉም የሚቀርበውን እንዲመርጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ጊዜ ቢወስድም አድርጉት። ፎርኒክስ የምትባለዋን ቀጭን መንገድ ደግሞ በጥርጣሬ እዩ። በፈሳሽ የተከበበች ስለሆነች ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር የፈሳሹ ምልክት ገብቶባት ኤፍኤዋ ዝቅ ያለ ይመስላል።

ፍሌሩ ላይ ላሉት ነጠብጣቦች ፋዜካስ በሚባለው መለኪያ ነጥብ ስጡ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። በፈሳሹ ክፍተት ዙሪያና በጥልቁ ነጭ ክፍል ለየብቻ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ለጥልቁ፣ 0 ምንም የለም፣ 1 ትናንሽ ነጠብጣብ፣ 2 መያያዝ የጀመረ፣ 3 የተያያዘ ሰፊ ቦታ ነው። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይስጡ፤ ከዚያ ምን ያህል እንደተስማማችሁ አስሉ። ምስል ማሳያው በማዕዘኑ የሰውየውን ዕድሜ ስለሚያሳይ ያንን ጽሑፍ አጥፉት። 78 የሚለውን ያየ ዓይን 1 የነበረውን 2 ያደርገዋል።

ትንተና

መጀመሪያ ነጥቦቹን በግራፍ አስቀምጡና ዝም ብላችሁ እዩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከዕድሜ ጋር የዕድሜን ካሬም ሞክሩ። ጾታን፣ የእንቅስቃሴ ቁጥሩን፣ የደም ግፊትን፣ የትምህርት ዓመትን አብራችሁ አስገቡ።

ያ «ሲደመር ሲቀነስ» የጻፍንበት ሁለተኛ ዓምድ አሁን ይመጣል። በዘፈቀደ የተሳሳተ ዕድሜ መስመሩን ያላላዋል፤ ለውጡ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ ትንተናውን ሁለት ጊዜ ሥሩ። አንዴ በሁሉም ሰው፣ አንዴ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ስህተት በታወቀላቸው ብቻ። ሁለቱንም ጻፉ። ሁለተኛው መስመር ይበልጥ ካዘቀዘቀ የዕድሜ ስህተቱ ምን ያህል እየሸፈናችሁ እንደነበር ይጠቁማችኋል።

ሌላው፣ የ75 እና የ30 ዓመት ሰው ማወዳደር እርጅናን ብቻ አያሳይም። የ75ቱ ሰው ያደጉት በሌላ ዘመን ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ወባና ረሃብ አይተዋል። ይህን መለየት የሚቻለው ያንኑ ሰው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ማሽን፣ በዚያው አሠራር ደግሞ በማንሳት ነው። የማሽኑ ሶፍትዌር በመሃል ከታደሰ ቀኑን መዝግቡ፤ ቁጥሮቹ በአንድ ሌሊት ሊዘሉ ይችላሉ።

ሲያልቅ

ሰውየው ተነስተው ጫማቸውን እያጠለቁ «ታዲያ አንጎሌ አርጅቷል?» ይሏችኋል። ሁሉም ይጠይቃል። ዲቲአይ ለቡድን እንጂ ለአንድ ሰው «የዚህ ዕድሜ ነው» የሚያስብል ቁጥር አይሰጥም፤ ይህንኑ በቀጥታ ንገሯቸው። የግፊታቸውን ቁጥር ግን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ላኳቸው፤ ከተቻለ አብራችሁ ሂዱ። ከመሄዳቸው በፊት ስልክ ተቀበሉ። የራሳቸው ስልክ ሊለወጥ ስለሚችል የሴት ልጃቸውን ወይም የጎረቤታቸውንም ጨምሩ። ለሁለተኛው ምስል ስትደውሉ የምታገኙት እነሱን ነው።